ሕፃኑ ኢየሱስ ሁሉን ያውቅ ነበር? (ሉቃ. 2፥52 እና ማር. 13፥32)

የሰንበት_መምህርት
ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ሜሪላንድ ውስጥ ሰንበት ትምህርት ቤት ሕፃናት አስተምራለሁ። አማርኛቸው ግማሽ ነው፣ ጥያቄያቸው ግን ሙሉ ነው። ምሥጢረ ሥጋዌ (አምላክ ሰው የሆነበት ምሥጢር) ላይ ስንደርስ አንዷ እጇን አወጣችና «ኢየሱስ ሕፃን ሆኖ ግርግም ውስጥ ሲተኛ ስለ ዳይኖሰር ያውቅ ነበር?» አለችኝ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

ጥያቄው ግን ቀልድ አይደለም። ሉቃስ 2፥52 «ኢየሱስም በጥበብና በቁመት በሞገስም በእግዚአብሔርና በሰው ፊት ያድግ ነበር» ይላል። በቁመት ማደጉ ይገባኛል። በጥበብስ? ማርቆስ 13፥32 ደግሞ ይብሳል። ያችን ቀንና ሰዓት «የሰማይ መላእክትም ቢሆኑ ልጅም ቢሆን ከአባት በቀር የሚያውቅ የለም» ይላል፣ ያውም ጌታ ራሱ ነው የተናገረው።

«ምሥጢር ነው» ብዬ ማለፍ እችላለሁ። እኛም እንደዚያ ተብለን ነው ያደግነው። እዚህ ያደገ ልጅ ግን «ምሥጢር ነው» ስትሉት «አታውቅም፣ አላውቅም ማለት አፍራ ነው» ብሎ ነው የሚረዳችሁ። ምን ትላላችሁ? ስድብ ይቅርብን እባካችሁ።

ዲያቆኑ_ነኝ
እህቴ፣ ይሄ ያን ያህል አያስጨንቅም። ያውቃል። በቃ።

ጴጥሮስ «ጌታ ሆይ፥ አንተ ሁሉን ታውቃለህ» ሲለው (ዮሐ. 21፥17) «ኧረ ሁሉንስ አላውቅም» ብሎ አላረመውም። ስለ አልዓዛር «ወዴት አኖራችሁት?» ብሎ ጠየቀ። አራት ቀን የሞተውን ሰው የሚያስነሣ መቃብሩ የት እንዳለ ጠፍቶት ነው? በኦሪትም አዳምን «ወዴት ነህ?» ብሎታል። እግዚአብሔር አብ አያውቅም የሚል የለም መቼም።

ደግሞስ አብ ልብ፣ ወልድ ቃል፣ መንፈስ ቅዱስ እስትንፋስ ብለን አይደል የተማርነው? ልብ ያወቀውን ቃል እንዴት ያጣዋል? «አያውቅም» የተባለው ቀኗን ገና በሥራ አልገለጣትም ለማለት ነው። ለልጆቹ ይህን ንገሪያቸው።

ጥያቄ_አያልቅም
ዲያቆን፣ አክብሬህ ነው የምጠይቀው። እያወቀ «አላውቅም» የሚል ሰው በእኛ ሰፈር ስም አለው። ጌታን እንደዚያ ልንለው ነው?

«ወዴት ነህ?» ጥያቄ ነው። ጥያቄ አውቀህም ትጠይቃለህ፣ አስተማሪ ሁሉ ያደርገዋል። ማርቆስ 13 ላይ ያለው ግን ጥያቄ አይደለም፣ «አያውቅም» የሚል ቃል ነው። ሁለቱን አንድ ላይ መጠቅለል ትንሽ ማምለጥ ይመስለኛል። አሥራ ሁለት ዓመት ሲሆነው ቤተ መቅደስ ውስጥ በመምህራን መካከል ተቀምጦ «ሲሰማቸውም ሲጠይቃቸውም» ነው የተገኘው። የሚሰማው ለይስሙላ ነበር?

ጸጋ_ከሐዋሳ
ሰላም፣ እኔ ፕሮቴስታንት ነኝ፣ ካልከበድኳችሁ አንድ ነገር ልበል።

ፊልጵስዩስ 2፥7 «የባሪያን መልክ ይዞ በሰውም ምሳሌ ሆኖ ራሱን ባዶ አደረገ» ይላል። እኛ ጋ ብዙ ሰባኪዎች የሚያስተምሩት አምላክነቱን ሳይተው መብቱንና አጠቃቀሙን ግን ለጊዜው ተወ ብለው ነው። ስለዚህ የሕፃን አእምሮ ይዞ እንደ ሕፃን ተማረ። እናቱ ቋንቋ አስተማረችው። ዮሴፍ እንጨት ሥራ አሳየው። ለእኔ ይሄ ጌታን አያሳንሰውም፣ እንዲያውም እንባዬን የሚያመጣው ይሄ ነው። ዕብራውያን 5፥8 «ምንም ልጅ ቢሆን ከተቀበለው መከራ መታዘዝን ተማረ» ሲል «ተማረ» ነው ያለው።

ዲያቆኑ_ነኝ
ጸጋ፣ እንኳን ደህና መጣሽ፣ ማንም አይከብድሽም። ግን «ለጊዜው ተወ» የሚለው ላይ አልስማማም። እኛ በቅዳሴ ላይ ከመቁረባችን በፊት የምንሰማው መለኮቱ ከትስብእቱ (ከሰውነቱ) ለአንዲት ሰዓት፣ ለዓይን ቅጽበት እንኳ አልተለየም የሚል ነው። እውቀቱን ደጅ ትቶት የገባ አስመሰልሽው። በግርግም ሳለም ዓለምን ይዞ ነበር።

ብረት እሳት ውስጥ ሲገባ ብረትነቱ አይጠፋም፣ እሳቱም ብረት አይሆንም፣ ግን አንድ ሆነው ያቃጥላሉ፣ ያበራሉ። ተዋሕዶ ማለት ይሄ ነው። ስለዚህ ሥጋ በተዋሕዶ የመለኮትን እውቀት ገንዘቡ አደረገ።

ጥያቄ_አያልቅም
ብረት አእምሮ የለውም እኮ ዲያቆን።

ሊቅ_አይደለሁም
ልጆች፣ ዕድሜዬ ከብዙዎቻችሁ ይበልጣልና ትንሽ ረዘም ባደርገው ታገሡኝ። ጣቴ ስልክ ላይ ቀርፋፋ ነው፣ ፊደል ብስት እለፉት።

ይህ ልጅ «ብረት አእምሮ የለውም» ያለው ላይ ቁልፉ አለ። የብረቱንና የእሳቱን ምሳሌ ቅዱስ ቄርሎስ ተጠቅሞበታል፣ ግን ለሕማም ነው የተጠቀመበት። የጋለ ብረት ሲመታ ምቱ ብረቱን ያገኘዋል፣ እሳቱ ግን አይታመምም፤ መለኮትም በሥጋ መከራ ጊዜ እንዲሁ ለማለት ነው። ለእውቀት ጥያቄ ስታመጣው ግን ምሳሌው ይደክማል። ማንም ምሳሌ እስከ መጨረሻው አይሄድልህም።

አሁን ወደ ጥያቄው። ማርቆስ 13፥32ን መጀመሪያ አንሥተው የጮኹት አርዮሳውያን ናቸው። «ካላወቀ ፍጡር ነው» አሉ። የኒቅያ ጉባኤ በ325 ዓ.ም. ሃይማኖቱን ወሰነ፣ ጥቅሱ ግን እዚያው ወንጌል ውስጥ አለ፣ ተፍቆ አይጠፋ። አባቶች መመለስ ነበረባቸው። ምን ብለው እንደመለሱ ስታዩ ትገረማላችሁ፣ ምክንያቱም አንድ ዓይነት አልመለሱም።

አትናቴዎስ በአርዮሳውያን ላይ በጻፈው በሦስተኛው ክፍል እንዲህ ይላል፤ ቃል እንደ መሆኑ ያውቃል፣ ይህን የተናገረው ግን ስለ ሥጋ ነው፤ አለማወቅ የሰው ነገር ነውና ሰው ከሆነ በኋላ የሥጋን አለማወቅ የራሱ አድርጎ ለመናገር አላፈረም። ባስልዮስ ለአምፊሎኪዮስ በጻፈው ደብዳቤ ሌላ መንገድ ይሄዳል፤ የወልድ እውቀት ከአብ ነው፣ አብ ባያውቅ ወልድም ባላወቀ ነበር ለማለት ነው ይላል። ጎርጎርዮስ ዘእንዚናዙ ደግሞ 380 ዓ.ም. ገደማ ቁስጥንጥንያ ላይ ሲሰብክ ሁለቱንም አቀረበ፤ እንደ አምላክነቱ ያውቃል፣ እንደ ሰውነቱ አላውቅም ይላል ካለ በኋላ፣ ይህ ካልጣማችሁ የባስልዮስን መንገድ ያዙ የሚል ዓይነት ነው። ቄርሎስ ሉቃስ 2፥52ን ሲተረጉም ጥበቡ አልጨመረም፣ ለሰውነቱ ዕድሜ በሚገባ መጠን ቀስ በቀስ ገለጠው ይላል።

አራት ትልልቅ ሊቃውንት ናቸው እነዚህ። ሁሉም የእኛ አባቶች ናቸው።

ሁሉም ግን አንድ ነገር ላይ አልተናወጡም። አቡሊናርዮስ የሚባል የሎዶቅያ ጳጳስ ነበር፣ አርዮስን አጥብቆ የሚጠላ ሰው። ለክርስቶስ ክብር ብሎ ቃል የሰውን አእምሮ ቦታ ተካ አለ። ሥጋ አለው፣ የሰው አእምሮ ግን የለውም ማለት ነው። በዚህ ቢሄዱ የሰንበት መምህርቷ ጥያቄ በአንዴ ያልቅ ነበር። አባቶች ግን በ381 ዓ.ም. አወገዙት። ጎርጎርዮስ ለቄስ ቅሌዶንዮስ በጻፈው ያልነሣውን አልፈወሰውም ይላል። አዳም የበደለው በአእምሮው ነው፤ አእምሮን ካልነሣ አእምሮዬ ሳይድን ቀረ። ስለዚህ እኛም ነፍስ ነባቢት ለባዊት ነሣ እንላለን፤ የሚያስብ፣ የሚደነቅ፣ የሚያዝን የሰው አእምሮ።

የእኔ ዝንባሌ ወደ አትናቴዎስ ነው። ቃል ሰው ሆነ ካልን መራብን ተቀብለን አለማወቅ ላይ ስንደርስ የምንደነግጥበት ምክንያት አይታየኝም።

ዲያቆኑ_ነኝ
መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና «በመለኮቱ ያውቃል፣ በሥጋው አያውቅም» ካልን «ሁለት ባሕርይ» ወዳለው የኬልቄዶን ጉባኤ ገባን እኮ! ሁለት አድራጊ አደረግነው። አንዱ አዋቂ፣ አንዱ አላዋቂ። ይህን ነው እኮ የምንቃወመው።

ሊቅ_አይደለሁም
ተገቢ ስጋት ነው ልጄ፣ ደስ አለኝ። ነገር ግን አስተውል። ቄርሎስ በአራተኛው ውግዘቱ የከለከለው በወንጌል ያሉትን ቃላት ለሁለት አካላት መከፋፈልን ነው፤ ይህን ሰውዬው ተናገረው፣ ያን አምላክ ተናገረው ማለትን። ተናጋሪው አንድ ነው። «አላውቅም» ያለውም «እኔና አብ አንድ ነን» ያለውም ሥጋ የሆነው ቃል ነው። ያ አንዱ ስለ ሰውነቱ ሊናገር አይችልም ያለ ግን የለም። «ተጠማሁ» ሲል ማን ተጠማ? ቃል ነው፤ በሥጋው። እዚህ ላይ ከተስማማን «አላውቅም» ላይ የምትጣላበት አይኖርም።

ታሪክ_ወዳድ
ዋው። መምህር፣ ይሄ ክርክር እኮ በእኛው ወገን ውስጥም ተነሥቷል፣ ብዙ ሰው አያውቀውም እንጂ።

በ6ኛው መቶ ዘመን እስክንድርያ ውስጥ ቴምስጥዮስ የሚባል ዲያቆን ነበር። ኬልቄዶናዊ አይደለም፣ ኬልቄዶንን የተቃወመው የአንጾኪያው ሳዊሮስ ወገን ነው። «ሥጋው ከተራበና ከደከመ አለማወቅም አለበት» ብሎ አስተማረ። የአልዓዛርን መቃብር እውነት አላወቀም ነበር አለ። ተቃዋሚዎቹ ተከታዮቹን «አላዋቂዎች» የሚል ቅጽል አወጡላቸው (ስም አወጣጥ ላይ የድሮ ሰው ከቴሌግራም ሰው አያንስም)። የራሱ ፓትርያርክ ቴዎዶስዮስ በጽሑፍ ተቃወመው። እና ዲያቆን፣ አንተ ቴዎዶስዮስ ነህ፣ መምህር ደግሞ ትንሽ ወደ ቴምስጥዮስ ጠጋ ብለዋል 😀

በኋላ በ600 ዓ.ም. የሮሙ ጳጳስ ጎርጎርዮስ ለእስክንድርያው ፓትርያርክ አውሎግዮስ ስለዚሁ ጽፎለታል። ቀኗን በሰውነቱ ውስጥ ያውቃታል፣ ከሰውነቱ የተነሣ ግን አያውቃትም አለ። እኔ ይህችን ዓረፍተ ነገር ደጋግሜ ባነብም እንደ ሳሙና ታመልጠኛለች።

ወደ እኛ አገር ስትመጡ ደግሞ በ1870 ዓ.ም. ቦሩ ሜዳ ላይ፣ አፄ ዮሐንስና ንጉሥ ምኒልክ ባሉበት፣ ሊቃውንቱ ለክርስቶስ ሦስት ልደት ወይስ ሁለት ልደት እያሉ...

አወያይ
ታሪክ_ወዳድ፣ ቦሩ ሜዳ የራሱ ክር አለው፣ 300 መልስ ደርሷል፣ እዚያ ቀጥልልን። እዚህ ቅባትና ጸጋ የሚባሉት የትምህርት ወገኖች ከገቡ እስከ ፋሲካ አንወጣም።

ሊቅ_አይደለሁም
ታሪክ_ወዳድ፣ ወደ ቴምስጥዮስ አልተጠጋሁም። እሱ አለማወቁን ሐቅ አድርጎ ለቃል ሰጠው፣ ገደብ አበጀለት። አትናቴዎስ ግን በዚያው ሰዓት ያውቃል ማለቱን አይተውም። ልዩነቱ ቀጭን ነው፣ ግን አለ።

ጥያቄ_አያልቅም
ጋሼ፣ አመሰግናለሁ። ግን ልንገርዎት? ባነበብኩ ቁጥር የሚገባኝ ማንም እንደማያውቅ ነው። አራት አባት፣ አራት መልስ። በአንድ ራስ ውስጥ ማወቅና አለማወቅ እንዴት አብረው እንደሚኖሩ ማን አሳየን? የራሴ አእምሮ እንዴት እንደሚሠራ አላውቅ፣ የአምላክ-ሰውን አእምሮ ልተነትን?

ከቪየና
ጥያቄ_አያልቅም፣ ከዚህ ልጀምርልህ፣ ምክንያቱም ይሄ የተባለው እኔ ያለሁበት ከተማ ነው።

እ.ኤ.አ. መስከረም 1971 ፕሮ ኦርየንቴ የሚባለው ተቋም የካቶሊክንና የእኛን ዓይነት (ኬልቄዶንን ያልተቀበሉ) አብያተ ክርስቲያናት የነገረ መለኮት ምሁራን ቪየና ላይ አሰባሰበ። በኋላ ፓትርያርክ የሆኑት አቡነ ሺኖዳም ከግብፅ ነበሩ። ከ451 ዓ.ም. ጀምሮ የተለያዩ ሰዎች ናቸው። አንድ መግለጫ ላይ ደረሱ። በመለኮቱ ፍጹም፣ በትስብእቱ ፍጹም፣ መለኮቱ ከትስብእቱ ለዓይን ቅጽበት ያልተለየ አሉ፤ ዲያቆን ከቅዳሴ የጠቀሰው ማለት ነው። ከዚያ ምሥጢሩ የማይነጥፍና የማይነገር ነው፣ የሰው አእምሮም ከቶ ሙሉ በሙሉ ሊረዳውም ሊገልጸውም አይችልም የሚል ሐሳብ ጨመሩ። በ1973 የሮሙ ጳውሎስ ስድስተኛና አቡነ ሺኖዳ ለፈረሙት የጋራ መግለጫ መንገዱን የጠረገው ይሄ ነው።

ለእኔ ትልቁ ነገር ቦታው ነው። «አንረዳውም» የሚለውን ስንፍና አድርገው መጀመሪያ ላይ አልጻፉትም። አንድ ሺህ አምስት መቶ ዓመት ከተከራከሩ በኋላ፣ መናገር የሚቻለውን ተናግረው ሲጨርሱ ነው የጻፉት።

ጸጋ_ከሐዋሳ
ይሄ ደስ ይላል። ግን ከቪየና፣ ታዲያ ስለማንረዳው ነገር ይህ ሁሉ መጽሐፍ ለምን ተጻፈ? ዝም ብሎ ማመን አይሻልም ነበር?

ሊቅ_አይደለሁም
ልጄ ጸጋ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። ዝም ማለት ይፈልጉ ነበር። የጋሉ ሂላሪ በ4ኛው መቶ ዘመን ስለ ሥላሴ ሲጽፍ፣ መናፍቃን ስላስገደዱን የማይነገረውን ለመናገር ተገደድን ብሎ ያዝናል። እንግዲህ አጥር ነው የሠሩት። ቀመር አልሠሩም። የእኛን የተዋሕዶ አገላለጽ ተመልከቱት፤ ያለ ሚጠት (መመለስ)፣ ያለ ውላጤ (መለወጥ)፣ ያለ ቱሳሔ (መቀላቀል)፣ ያለ ኅድረት (ማደር)፣ ያለ ትድምርት (መደመር)፣ ያለ ቡዓዴ (መለያየት)። ስድስት ጊዜ «ያለ»! የኬልቄዶንም ሰዎች አራት እንዲህ ያሉ ቃላት አሏቸው። ሁሉም እንዴት እንዳልሆነ ነው የሚነግሩህ። እንዴት እንደሆነ የሚነግርህ የለም።

ኤፍሬምን ደግሞ አትርሱት። በየዕለቱ የምናደርሰውን ወዳሴ ማርያም ደረሰ የምንለው ያው ሶርያዊ፣ በ373 ዓ.ም. ኤዴሳ ላይ ያረፈ። ስለ ሃይማኖት በደረሳቸው መዝሙሮች ውስጥ የወልድን ልደት ሊመረምሩ የሚደፍሩትን አይለቃቸውም። በፈጣሪና በፍጡር መካከል ያለውን ገደል ፍጡር ከዚህ ወገን ሆኖ አይሻገረውም፤ ከዚያ ወገን የተሻገረ ግን አለ። ሥጋዌ ያ መሻገር ነው። በዘመኑ አውኖምዮስ የሚባል ሰው የእግዚአብሔር ባሕርይ በአእምሮ ይደረስበታል እያለ ያስተምር ነበር፣ ዮሐንስ አፈ ወርቅም በ386 ዓ.ም. አንጾኪያ ላይ የማይመረመር ነው እያለ ተከታታይ ስብከት ሰብኮበታል። እንግዲህ ሁሉን አውቃለሁ ማለት ያን ጊዜም ነበር።

ታሪክ_ወዳድ
አሁንም አለ። ጥቅሱን ረስታችሁት ካልሆነ ስለ መጨረሻው ቀን ነው እኮ የሚያወራው! ዩቲዩብ ግቡና እዩ። «ስምንተኛው ሺህ ሊያልቅ ነው» የሚል ቪዲዮ በየቀኑ ይወጣል፣ ከኋላው የሚያስፈራ ሙዚቃ አለው። በባሕረ ሐሳብ (በቤተ ክርስቲያን የዘመን አቆጣጠር) ከሆነ እስቲ ቁጠሩት። ከፍጥረት እስከ ክርስቶስ ያለውን 5500 ከ2017 ዓ.ም. ጋር ስትደምሩ 7517 ነው። ስምንተኛው ሺህ የሚሞላው በእኛ አቆጣጠር 2500 ላይ ነው። ቢያንስ ሂሳቡን አስተካክለው ያስፈራሩን።

ፈረንጆቹም አልተረፉም። አሜሪካ ውስጥ የዊልያም ሚለር ተከታዮች እ.ኤ.አ. ጥቅምት 22 ቀን 1844 ጌታ ይመጣል ብለው ጠበቁ፤ አንዳንዱ እርሻውን ሳይሰበስብ ተወው። ልጅም አያውቅም በተባለበት ቁጥር አንድ አገልጋይ ያውቃል።

ዲያቆኑ_ነኝ
በዚህስ ከሁላችሁም ጋር ነኝ። ሐዋርያት ራሳቸው ሲጠይቁት «አብ በገዛ ሥልጣኑ ያደረገውን ወራትንና ዘመናትን ታውቁ ዘንድ ለእናንተ አልተሰጣችሁም» ነው ያላቸው (ሐዋ. 1፥7)። አላውቅም አላላቸውም ልብ በሉ። ለእናንተ አልተሰጣችሁም ነው ያለው። ስለዚህ የእኔ መልስ እንዳለ ነው። ያውቃል።

ጸጋ_ከሐዋሳ
ዲያቆን አንተ ደግሞ አትሸነፍም 😀 ያ ከትንሣኤ በኋላ ነው እኮ። ማርቆስ 13 ከመስቀል በፊት ነው።

ዲያቆኑ_ነኝ
ተዋሕዶ ከትንሣኤ በኋላ አልጀመረም እህቴ። ከብሥራት ጀምሮ ነው።

የሰንበት_መምህርት
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ በተለይ መምህርን። ለልጆቹ ሉቃስ 2ን ከ41 እስከ 52 አብረን እናነባለን። ኢየሱስ ቤተ መቅደስ ውስጥ የጠየቀውን ሁሉ ራሳቸው እንዲገምቱ አደርጋለሁ። ከዚያ አንድ ጌታ፣ እውነተኛ አምላክ፣ እውነተኛ ሰው፣ እውነተኛ የሰው አእምሮ ያለው፤ እዚህ ድረስ በእርግጠኝነት እናውቃለን እላቸዋለሁ። ከዚያ ወዲያ አትናቴዎስ እንዲህ አለ፣ ቄርሎስ እንዲህ አለ። ዳይኖሰሩን ለዲያቆን ትቼዋለሁ።

ዲያቆኑ_ነኝ
ዳይኖሰሩን ማን ፈጠረው? ያውቃል 😀

ጥያቄ_አያልቅም
አንድ የመጨረሻ፣ ከዚያ እተኛለሁ፣ እዚህ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። ጋሼ፣ ጌቴሴማኒስ? «ቢቻልስ ይህች ጽዋ ከእኔ ትለፍ» ሲል እንደማታልፍ ያውቅ ነበር? ለደቀ መዛሙርቱ እገደላለሁ፣ በሦስተኛው ቀን እነሣለሁ ብሎ ሦስት ጊዜ ነግሯቸዋል። እያወቀ ነው ያን ያህል የፈራው?

ሊቅ_አይደለሁም
ያውቅ ነበር ልጄ፣ እዚህ ላይ ወንጌሉ ራሱ ግልጽ ነው። ስለዚህ የጌቴሴማኒ ጥያቄ ስለ እውቀት አይደለም፣ ስለ ፈቃድና ስለ ፍርሃት ነው። ሞቱን ማወቁ ፍርሃቱን አላስቀረለትም፤ ላቡ እንደ ደም ነጠብጣብ ወረደ። ቄርሎስ ፍርሃታችንን የነሣው በራሱ ሊያሸንፈው ነው ይላል። ከቁስጥንጥንያ ወገን ያሉት ደግሞ በ7ኛው መቶ ዘመን በዚሁ ጸሎት ላይ ጉባኤ እስከመሥራት ደርሰዋል። ይሄ በሌሊት ዘጠኝ ሰዓት የሚጀመር አይደለም። ተኛ፣ ነገ አዲስ ክር ክፈትለት።

አወያይ
እኔ ከፈትኩላችሁ፦ «ጌቴሴማኒ፦ ፈቃዴ አይሁን»። መምህር፣ የመጀመሪያውን መልስ ለእርስዎ ይዘንልዎታል። ታሪክ_ወዳድ፣ አንተ ቦሩ ሜዳ ላይ ቆይ።